አማና የተሸከመ አሸዋ፦ ከሜየንደል የባሕር ዳርቻ የተገኘ የጦሃራ ትምህርት



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቀን፣ አምስት ሆነን ከሄግ ከተማ በብስክሌት ተነሥተን ወደ ሰሜን ባሕር ዳርቻ ወረድን። የዙህር ወቅት ሲገባ ከፊታችን ማለቂያ የሌለው ባሕር፣ ከኋላችን ደግሞ የአሸዋ ኮረብታ ነበር። በየኮዳችን የያዝነው ውሃ በመንገድ ላይ አልቋል። ከመካከላችን አንዱ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን አሸዋው ላይ መታና ፊቱን ሊያብስ ሲል፣ ከሱዳን የመጣው ወንድማችን ክንዱን ያዘው። «ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ፊትህ ተዘርግቶ ተየሙም ታደርጋለህ?» አለው። «እሱማ ጨው ነው» ሲል መለሰ የመጀመሪያው።

ያ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። በዩኒቨርሲቲያችን ጀመዓ ሦስት ዓመት የፊቅህ ደርስ ተከታትያለሁ፤ የጦሃራን ምዕራፍም ለታናናሾቼ አስረድቻለሁ። ነገር ግን ባሕር በሌለው አገር ያደገ ሰው ስለ ባሕር ውሃ የተማረውን የሚያስታውስበት አጋጣሚ ብዙም አያገኝም። የዚያን ቀን ከባሕሩም፣ ከአሸዋውም፣ ከአንዲት አሮጊትም የተማርኩትን ለእናንተ ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። አላህ ጠቃሚ ያድርገው።

የባሕር ውሃና ተየሙም

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከሶሐቦች ዘመን ጀምሮ ተጠይቆ መልስ ያገኘ ነው። ባሕር ላይ የሚጓዝ አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ፣ የምንይዘው የመጠጥ ውሃ ጥቂት ነው፣ በእሱ ውዱእ ብናደርግ እንጠማለንና በባሕር ውሃ ውዱእ እናድርግን? ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም የባሕር ውሃ ራሱ ንጹሕና አንጺ መሆኑን፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል መሆኑን ነገሩት። ይህን ሐዲስ ኢማም ማሊክ፣ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ሌሎችም ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ ሰውየው የጠየቀው ስለ አንድ ነገር ነው፤ እሳቸው ግን የሚያስፈልገውን ሁለተኛውንም ጨምረው መለሱለት። በባሕር ላይ ውሃ የቸገረው ሰው ምግብም ይቸግረዋልና።

ስለዚህ ጨዋማነቱ ከውዱእ አያግድም። ተየሙም የተፈቀደው ውሃ ሲታጣ ወይም ውሃውን መጠቀም ጉዳት የሚያመጣ ሲሆን ነው። ይህም በሱረቱ ኒሳእ 43ኛና በሱረቱል ማኢዳህ 6ኛ አንቀጽ ላይ ተደንግጓል።

«ብርዱስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በጥቅምት የሰሜን ባሕር ውሃ ጣት ያደነዝዛል። ሆኖም ማስቸገርና መጉዳት አንድ አይደሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በከባድ ብርድ ሌሊት ጀናባ ሆነው ገላቸውን ቢታጠቡ እንደሚሞቱ ስለ ፈሩ ተየሙም አድርገው ባልደረቦቻቸውን አሰገዱ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገር ፈገግ አሉ እንጂ አልገሠጿቸውም። ይህ ግን የሕይወት ፍርሃት ነበር። እኛ ደግሞ ወፍራም ጃኬት የለበስን፣ ፊታችንንና እጃችንን ታጥበን ወዲያው በፎጣ የምንደርቅ ጤነኞች ነበርን።

ሌላም ነጥብ አለ። ብዙዎቻችን የምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ለተየሙም አቧራ ያለው አፈር እንዲሆን ያዛል። በሐነፊይና በማሊኪይ መዝሀብ አሸዋም ይበቃል። ሻፊዒዮች ዘንድ አሸዋ የሚበቃው በእጅ ላይ የሚቀር አቧራ ካለው ነው። ማዕበል ዘወትር የሚያጥበው የዳርቻ አሸዋ ደግሞ እጅ ላይ ምንም አይተውም። እንግዲህ እኔ በራሴ መዝሀብ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው፦ ውሃ እያለ፣ ያውም አቧራ በሌለው አሸዋ!

ሱሪያችንን አጥፈን ውዱእ አደረግን። ከዚያ ወደ ቂብላ ስንዞር ባሕሩ በትክክል ከኋላችን ሆነ፤ ከዚያ አገር መካ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ናት። አገር ቤት ወደ ሰሜን ስንሰግድ የኖርን ሰዎች ነን፤ ምድር መስገጃ የተደረገችልን ኡመት መሆናችንን የዚያን ቀን በእግሬ ጣቶች ተረዳሁት።

ሜየንደል ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ሶላታችንን ጨርሰን ወደ ኮረብታዎቹ ተመለስን። ሜየንደል በሄግና በቫሰናር መካከል ያለ፣ ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታ ሆኖ የሚጠበቅ የአሸዋ ኮረብታ አገር ነው። ከባሕሩ ዳር ስትነሡ መጀመሪያ የምታገኙት ባዶ አሸዋና «ሄልም» የሚሉት ረጅም ጠንካራ ሣር ነው። ወደ ውስጥ ስትገቡ ብርቱካንማ ፍሬ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ይመጣል። ከዚያም ኩሬዎች፣ ሜዳዎችና ጫካ ይከተላሉ። ጥንቸልና ቀበሮ ይኖሩበታል፤ ወፎቹ ብዙ ናቸው።

ኮረብታዎቹን የሠራቸው ነፋስ ነው። ማዕበል አሸዋውን ወደ ዳርቻ ያወጣል፣ ነፋስ ያደርቀውና ይገፋዋል፣ ሄልም ሣር ደግሞ ይይዘዋል። ሣሩ አሸዋ ሲሸፍነው አይሞትም፤ ይልቅስ ከላይ ያድጋል፣ ሥሩም ከታች ይረዝማል። በዚህ ዓይነት ሣሩና አሸዋው እየተደጋገፉ ኮረብታ ይሆናሉ።

ይህ ኮረብታ ለሆላንድ ሰዎች የሕይወት ጉዳይ ነው። ከአገራቸው ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1953 በማዕበል ሌሊት በደቡብ ምዕራብ ያሉት የባሕር ግድቦች ተሰብረው 1836 ሰዎች ሞቱ። ኮረብታዎቹ ለዚህች አገር የመጀመሪያዋ ግድግዳ ናቸው። ከሜየንደል በስተደቡብም እ.ኤ.አ. በ2011 ሃያ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ከባሕር ሥር አውጥተው ዳርቻው ላይ ደፍተዋል፤ ነፋስና ማዕበል ራሳቸው እያከፋፈሉ ዳርቻውን እንዲያጠናክሩ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ከአሸዋው በታች ያለው ነው።

በጨው ላይ የሚንሳፈፍ ጣፋጭ ውሃ

በዚህ አሸዋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ታች ይሰርጋል። ከታች ደግሞ ከባሕሩ የገባ ጨዋማ ውሃ አለ። ሁለቱ ይቀላቀላሉ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ግን እንደምትገምቱት አይደለም። አንድ ሊትር የዝናብ ውሃ 1000 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ግን 1025 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ቀላሉ ጣፋጭ ውሃ በከባዱ ጨዋማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ቀጭን የመቀላቀያ ንብርብር ቢኖርም በአሸዋ ውስጥ ውሃ በጣም ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ሁለቱ እንደተለያዩ ይቆያሉ።

ስሌቱን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባዶን ጊበን የተባለ የሆላንድ መሐንዲስ፣ በ1901 ደግሞ ሄርዝበርግ የተባለ ጀርመናዊ፣ በየፊናቸው ደረሱበት። ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሜትር ከፍ ካለ ከባሕር ወለል በታች 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። 1000ን ለ25 አካፍሉት፤ 40 ይመጣል።

ይህ ስሌት በረከትም ማስጠንቀቂያም ነው። ከላይ አንድ ሜትር ብታወርዱ ጨው ከታች ውሎ አድሮ 40 ሜትር ሊወጣ ይችላልና። የሆነውም ይኸው ነው። አምስተርዳም እ.ኤ.አ. በ1853፣ ሄግ ደግሞ በ1874 የአሸዋውን ውሃ በቧንቧ መጠጣት ጀመሩ። ከዚያ በፊት የብዙ ሰው የመጠጥ ውሃ ንጹሕ አልነበረም፤ ኮሌራ ብዙዎችን ይጨርስ ነበር። ንጹሕ ውሃ ሲገኝ ከተማው አደገ፣ ከተማው ሲያድግ ፓምፑ በረታ። ዝናብ ከሚተካው በላይ እየተቀዳ ኩሬዎች ደረቁ፣ ጨውም ከታች መውጣት ጀመረ።

እዚህ ላይ ሁለት የቁርኣን መልእክቶች ትዝ አሉኝ። በሱረቱል ሙእሚኑን 18ኛ አንቀጽ ላይ አላህ ውሃን ከሰማይ በልክ እንዳወረደው፣ በምድርም ውስጥ እንዳስቀመጠው፣ ሊወስደውም ቻይ መሆኑን ይነግረናል። በሱረቱል ሙልክ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ደግሞ ውሃችን ወደ ምድር ሰርጎ ቢጠፋ ከአላህ ሌላ ማን ወራጅ ውሃ ያመጣልናል? የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል። ሱረቱል ሙልክን ብዙዎቻችን ከመተኛታችን በፊት እንቀራታለን። በዚያች የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ቆም ብለን የምናስብ ግን ስንቶቻችን ነን?

በሱረቱል ፉርቃን 53ኛ አንቀጽ የተወሱት ጣፋጭና ጨዋማ ውሃዎች፣ በመካከላቸውም ያለው ግርዶ፣ አብረውኝ በነበሩት ዘንድ ወዲያው ተነሡ። ከኢንዶኔዥያ የመጣች እህታችን ግን ጥሩ ነገር ተናገረች፦ «አንቀጹ የተውሒድ ማስረጃ ነው፤ የመሐንዲስ ስሌት ይዘን አንቀጹ ይህን ብቻ ነው የሚለው አንበል። ስሌት ነገ ሊሻሻል ይችላል። እኛ ግን ምልክቱን አይተን ሱብሓነላህ እንበል።» ይህን ምክር የሳይንስ ተማሪዎች ሁላችን ብንይዘው ከብዙ ስሕተት ይጠብቀናል።

የቆሸሸ ወንዝ እንዴት ይነጻል?

ሆላንዶች ኮረብታውን ያዳኑት ከመቅዳት ወደ መመለስ በመዞር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ከራይን ወንዝ ቅርንጫፍ ውሃ በትላልቅ ቧንቧዎች ወደ ኮረብታዎቹ እያመጡ በኩሬ ውስጥ መልቀቅ ጀመሩ። የራይን ብክለት ሲያስቸግር በ1976 ወደ ማስ ወንዝ ዞሩ። ውሃው ቅድመ ማጣሪያ አልፎ ኩሬ ውስጥ ይገባል፣ በአሸዋው ውስጥ ሁለት ወር ያህል ይጓዛል፣ ከዚያም በጉድጓድ ተቀድቶ እንደገና ይጣራል። በጉዞው በሽታ አምጪ ተሕዋስያን አሸዋው ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ብዙዎቹም በጊዜ ብዛት ይሞታሉ። ለዚህም ነው በመጨረሻ ክሎሪን የማይጨመርበት። ሄግ ውስጥ የምጠጣው፣ ውዱእ የማደርግበትም ውሃ በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

ታዲያ አንድ የፊቅህ ጥያቄ ይመጣል። እነዚህ ወንዞች በብዙ ከተሞች አጠገብ ያልፋሉ፤ የከተሞቹ ፍሳሽም ታክሞ ይገባባቸዋል። ነጃሳ የነካው ውሃ ከተጣራ በኋላ ጦሃራ ይደረግበታልን?

ትልቅ ወንዝ በመሠረቱ ብዙ ውሃ ነው፤ ጣዕሙ፣ ቀለሙ ወይም ሽታው በነጃሳ እስካልተለወጠ ድረስ ንጹሕ ነው። በነጃሳ የተለወጠውም ቢሆን ለውጡ ሲወገድ ወደ ንጽሕናው ይመለሳል። የሳውዲ ከፍተኛ የዑለማእ ምክር ቤት በ1398 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከኬሚስትሪና ከውሃ ባለሙያዎች ማብራሪያ ወስዶ በዚህ ላይ ውሳኔ ሰጥቷል። ፍሳሽ ውሃ በዘመናዊ ማጣሪያ ጣዕሙ፣ ቀለሙና ሽታው ፈጽሞ ከተወገደ ንጹሕ ይሆናል፣ ውዱእና ትጥበትም ይፈቀድበታል፤ ለመጠጥም በጤና ላይ ጉዳት ከሌለው ይፈቀዳል የሚል ነው። ለእናንተ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የምህንድስና ተማሪዎች ልናገር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ዑለማኦቹ ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት የእናንተን ሙያ ጠየቁ። በቤተ ሙከራ የምታጠፉት ሰዓት ለዲን የራቀ እንዳይመስላችሁ።

የሽቦ አጥሩ ትምህርት

በመመለሻችን ላይ ከመካከላችን አንዱ ፎቶ ለመነሣት ዝቅ ያለ የሽቦ አጥር ተሻግሮ የአሸዋው ጫፍ ላይ ወጣ። እኛም ሳቅን እንጂ አልከለከልነውም። ውሻ ይዘው የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ቆሙና፣ ሳይቆጡ፣ «እማማ ናቸው» በሚያሰኝ ድምፅ፣ «ልጄ ውረድ፤ የምንጠጣው ከዚያ ነው» አሉት። አፍሮ ወረደ፤ እኛም ከእሱ እኩል አፈርን። እግር የረገጠው ሄልም ይሞታል፤ ሣሩ የሞተበትን ቦታ ነፋስ ይከፍተዋል። እኚህ እናት የሽቦውን ትርጉም ያወቁት የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው።

ይህ ሥርዓት በእስልምና ስም አለው፤ «ሒማ» ይባላል። በጃሂሊያ ዘመን ኃያላን ለምለሙን ግጦሽ ለራሳቸው ከብት ብቻ ይከልሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሽረው ሒማ ለአላህና ለመልእክተኛው ብቻ፣ ማለትም ለሕዝብ ጥቅም እንዲሆን አደረጉ። ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ። መዲናንም ዛፏ የማይቆረጥ፣ አውሬዋ የማይታደን ሐረም አደረጓት።

ዑመር (ረ.ዐ) በበኩላቸው ረበዛን ከለሉ። ቡኻሪ እንደ ዘገቡት፣ ሁነይ የተባለ ጠባቂ ሲሾሙ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን ከብት ግን እንዲከለክል አዘዙት። ምክንያቱን ሲነግሩትም፣ ሁለቱ ከብታቸው ቢያልቅ የሚዞሩበት ተክልና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል የሚል ነበር። ሁለቱ ሀብታሞች ከታላላቅ ሶሐቦች መካከል መሆናቸውን አትርሱ። ጥብቅ ቦታ ማለት ሰውን ሁሉ ማባረር ማለት አይደለም፤ አማናውን ከኃይለኛው ጠብቆ ለደካማው ማቆየት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የእኛ አገር የዚህ ዓይነት የባሕር ዳርቻ የላትም፤ የትምህርቱ ባለቤት ግን ናት። የሐሮማያን ሐይቅ አስታውሱ። ለሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የመጠጥ ውሃ የሰጠ ሐይቅ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ሲቀዳ፣ ለከተማ ሲቀዳ፣ ከተራቆተው ኮረብታ ደለል ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ከመድረቁ የተነሣ ከብት ይሄድበት ጀመር። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ይህ የአላህ ራሕመት ነው። ነገር ግን ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠን አማና ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል።

ከዚያ ትልቅ ነገር ወደ ትንሹ ልውረድ፤ ወደ ውዱእ ቦታችን። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ዶርም ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነበር። ውሃ ሲጠፋ ሁላችንም እናማርራለን፤ ሲመጣ ደግሞ ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ከፍተን እያወራን እግራችንን እናጥባለን። ከሜየንደል ስመለስ ቤቴ ያለውን ቧንቧ ለካሁት። አንድ ሊትር በ10 ሰከንድ ይሞላል። ሳልዘጋው ውዱእ ሳደርግ ሁለት ደቂቃ ተኩል ፈጀብኝ፤ 15 ሊትር ማለት ነው።

አነስ (ረ.ዐ) እንደ ነገሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃ ገላቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚይዘው ነው፤ ዑለማእ በልኩ ቢለያዩም በብዙዎቹ ስሌት ከሦስት አራተኛ ሊትር አይበልጥም። እንግዲህ እኔ ለአንድ ውዱእ ያፈሰስኩት እሳቸው ለሃያ ውዱእ የሚበቃቸውን ነው።

በማግሥቱ ሦስት አራተኛ ሊትር፣ ማለትም 750 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በሃይላንድ ኮዳ ሞልቼ ሞከርኩ። የመጀመሪያ ቀን እግሬ ጋ ሳልደርስ አለቀብኝ። በሦስተኛው ቀን በቃኝ፤ በአምስተኛው ቀን ተረፈኝ። እያንዳንዱን አካል እያሰብኩ ስለማጥብ ውዱኤም ከበፊቱ የተሻለ ሆነ። ቧንቧ ከፍተን ስንታጠብ ሐሳባችን ሌላ ቦታ እንደሚሆን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ንጽሕና የኢማን ክፍል ነው ብለን እናስተምራለን። የምንነጻበት ውሃ ራሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ከእኛ በኋላ ለማን እንደሚተርፍ መጠየቅም የዚሁ ንጽሕና ክፍል ይሁንልን። ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ወቅፍ አድርገዋል። ጉድጓድ መግዛት ባንችል የሚንጠባጠብ ቧንቧ ማስጠገን አያቅተንም።

ለሐለቃ የመወያያ ጥያቄዎች

1. ውሃ እያለ ተየሙም የሚፈቀደው መቼ ነው? በዐምር ኢብኑል ዓስ ታሪክ አስረዱ።

2. በዑመር ትእዛዝ ውስጥ ድሃው የገባበትና ሀብታሙ የተከለከለበት ምክንያት ምንድን ነው? በምትኖሩበት ቀበሌ ይህን የሚመስል የጋራ ሀብት አለን?

3. የዶርማችሁ ውሃ ከየት ይመጣል? ከጉድጓድ፣ ከምንጭ ወይስ ከወንዝ? የሚያውቅ ከሌለ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሰው ጠይቆ ይምጣ።

4. ለአንድ ሳምንት ውዱኣችሁን በኮዳ ለክታችሁ አድርጉ፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን የፈጀባችሁን ጽፋችሁ አወዳድሩ።

አላህ ከሚያመሰግኑት፣ ጸጋውንም ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።